መኪና ለማይስማማው ሰው፦ ከባሕር ዳር ናይሮቢ በአውቶቡስ

መኪና አይስማማኝም። መርዓዊን አልፈን ዳንግላ ሳንደርስ ምራቄ ይሞላል፣ ፊቴ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር የማየው በፌስታል አፍ በኩል ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ስለ ክኒኑ፣ ስለ አምባሩ፣ ስለ ፕላስተሩና ስለ አውቶቡሱ ወንበር የምሰጠው ፍርድ ከእውነተኛ ሕመምተኛ የወጣ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። በሕይወቱ አቅለሽልሾት የማያውቅ ሰው «ዝንጅብል አኝኪበት፣ ይተውሻል» ሲለኝ መስማት ሰልችቶኛል።

ልጄ ናይሮቢ ወለደች። አራስ በስልክ አይጠየቅም። የአውሮፕላኑን ዋጋ ጠይቄ ዝም አልኩ፤ ደግሞም የገንፎ ዱቄት፣ በርበሬ፣ በሶና የተነጠረ ቅቤ ይዤ ስለምሄድ ሚዛን ላይ ቆሞ የሚጨቃጨቀኝ ሰው አልፈለግኩም። ስለዚህ በምድር ይሁን ተባለ፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ። ሲደመር ከ2000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እንኳን እኔን፣ መኪና የሚስማማውንም ሰው የሚያስጨንቅ መንገድ ነው። ስለዚህ ሰው ይጠቅማል ያለኝን ሁሉ ሰበሰብኩና በየመንገዱ እየፈተንኩ ሄድኩ። ዋጋ የትም ቦታ አልጽፍም፤ ይህን አንብባችሁ መደብር እስክትደርሱ ይለወጣል።

ለገንዘቤ ከሁሉ የካሰኝ ክኒኑ ነው። ዳይመንሃይድሪኔት ይባላል። የሰጠኝ በሰፈራችን ፋርማሲ ያለው ጎረቤታችን ነው። መጀመሪያ የጠየቅኩት ግን ሆድ በታወከ ቁጥር ሁላችንም የምንጠራውን ፕላሲልን ነበር። «እትዬ፣ የእርስዎ ሕመም እኮ ከሆድ አይነሣም፤ ከጆሮ ነው የሚነሣው» አለኝ። አላመንኩትም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና አስረዳኝ። በውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ የያዙ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። አውቶቡሱ ሲታጠፍ፣ ሲፈጥንና ሲቆም ፈሳሹ ይንቀሳቀስና ጆሮ ለአንጎል «እየሄድን ነው» ብሎ ይመሰክራል። ዓይን ደግሞ የፊት ወንበሩን ጀርባ ወይም ስልኩን እያየ «የለም፣ ተቀምጠናል» ይላል። ምስክሮቹ አልገጥም ሲሉት አንጎል ፍርዱን በሆድ ላይ ይጥላል።

ክኒኑም የሚሠራው አንጎል ላይ ነው፤ እንቅልፍ የሚያመጣው ለዚህ ነው። ዘሩ የአለርጂ መድኃኒት ነው። ለመኪና መጥቀሙ የታወቀውም በአጋጣሚ እንደሆነ ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ ለቆዳዋ አለርጂ የታዘዘላት አንዲት ሴት የከተማ ባቡር በተሳፈረች ቁጥር ይይዛት የነበረው ማቅለሽለሽ ጠፋላት፤ ሐኪሞቹም ነገሩን ተከታትለው በመርከብ በሚጓዙ ወታደሮች ላይ ሞከሩት። የዚያችን ሴት ስም ባውቅ ኖሮ ጊዮርጊስ ሻማ አበራላት ነበር። አዳዲሶቹ እንቅልፍ የማያመጡት የአለርጂ ክኒኖች፣ እነ ሴትሪዚንና ሎራታዲን፣ ለመኪና አይሠሩም። ቤት ውስጥ ስላሉ ብቻ ቦርሳችሁ ውስጥ ከትታችሁ አትውጡ።

እኔ የወሰድኩት 50 ሚሊ ግራሙን ነው፤ አውቶቡሱ ከመነሣቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ። ነገሩ ሁሉ ያለው «አስቀድሞ» የሚለው ላይ ነው። ማቅለሽለሹ ከጀመረ ወዲያ ጨጓራ ሥራውን ስለሚያዘገይ ክኒኑ እዚያው ቁጭ ይላል፤ አለዚያም ከቁርሱ ጋር ተያይዞ ይወጣል። መንገዱ ከረዘመ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ይደገማል። መጠጥ አብሮት አይሄድም። የዓይን ግፊት ያለበት፣ የፕሮስቴት እጢ ያበጠበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሐኪም ሳይጠይቁ አይውጡት።

«እንቅልፉ ሰው ይመርጣልና መንገድ ሳይገቡ ቤትዎ ሆነው ይሞክሩት» አለኝ ፋርማሲስቱ። የማይንቀሳቀስ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ምኑን እፈትነዋለሁ? ዘጌ ሄድኩ። ጣና ጠዋት ጠዋት ጨዋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ጀልባ ያንገላታል። ስለዚህ ሆን ብዬ መመለሻዬን ወደ ከሰዓት ገፋሁት። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሜ፣ ቡናው ጥላ ሥር አረፍ ብዬ፣ ክኒኔን ውጬ ተሳፈርኩ። ሌላው ሰው የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጦ እመቤቴን ሲጠራ እኔ አገጬ ደረቴ ላይ ወድቆ ተኝቻለሁ። የቀሰቀሱኝ ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ነው። ክኒኑ ፈተናውን አለፈ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ጭንቅላቴ ገና አልነቃም ነበር፤ ስለዚህ መሪ የሚጨብጥ ሰው ዞር ብሎም አይየው።

አሁን ወደ አውቶቡሱ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የወሰደኝን ድርጅት ስም አልጠራም፤ የምወቅስበት ነገር በሌሎቹም ዘንድ ያለ ነው። ትኬት የምትቆርጠውን ልጅ «መኪና አይስማማኝምና ከፊት ስጪኝ» ብላት ቀና ሳትል «እማማ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት» አለችኝ። ሁሉም እንዲህ የሚል ከሆነ አንድ ሰው ተቀምጦ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ ማለት ነው። የበሽተኛ ወንበር ተብሎ አንድ ረድፍ ቢለይ ድርጅቱ የሚከስረው ነገር የለም፤ እንዲያውም የወለል ማጠቢያ ይተርፈዋል። ከበሩ ጀርባ ያለውን የመጀመሪያ ወንበር ያገኘው አንድ ጎረምሳ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተኛ።

እኔ የደረሰኝ መሃል ላይ ነው፤ እሱም ክፉ አይደለም። የፊት መስታወት ማየት ካልተቻለ ቀጥሎ የሚሻለው በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ነው፤ መወዛወዙ እዚያ ይቀንሳል። ከኋላ ጎማ በስተኋላ ያለውን፣ በተለይ የመጨረሻውን ረድፍ፣ በነጻ ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። ጉድጓዱን ሁሉ ደርቦ የሚቀበለው እሱ ነው፤ በብዙዎቹ አውቶቡሶች ሞተሩም ከሥሩ ስለሆነ ሙቀቱና ሽታው ይጨመርበታል።

የመስኮቱ ነገር ግን ከድርጅቱ አቅም በላይ ነው፤ የአገር ጉዳይ ነው። ንጹሕ አየር ለሚያቅለሸልሸው ሰው ግማሽ መድኃኒት መሆኑን የሚክድ ሐኪም የለም። እጄን ወደ መስኮቱ ስዘረጋ ግን ከኋላዬ «ኧረ ነፋስ ገባ!» «ልጅ ታቅፌያለሁ እኮ!» «ብርድ ሊመታን ነው?» የሚል ድምፅ ይነሣል። እዚያ ውስጥ የታጨቀው የቅቤ፣ የሽንኩርት፣ የጫማና የነዳጅ ሽታ ማንንም አይመታም፤ የሚመታው ከጎጃም ሜዳ የሚመጣው አየር ነው! (የእኔ ቅቤ ከሥር፣ ከሻንጣዎቹ ጋር ነበር። እንዲያ ያስደረግኩት ራሴ ነኝ።) በዚህ ላይ ፊልም ተከፈተ። እያቅለሸለሻችሁ ከላይ የተሰቀለ ስክሪን ማየት ስልክ ከማየት አይሻልም። ፊታችሁን አዙሩ። ድምፁን ግን የትም ብትዞሩ አታመልጡትም።

ረዳቱን አመሰግናለሁ። ሳይጠየቅ ፌስታል እያደለ አለፈ፤ ላስመለሰ ሰው ፊቱን አላጠቆረም፤ አንዲትን እናት ሁለት ጊዜ አስቁሞ አውርዷታል። ፌስታሉ ስስ ስለነበር ግን ደርቡት።

ፍኖተ ሰላም ለቁርስ ስንወርድ ገበታው ሁሉ ጥብስና ዘይት የጠገበ ፍርፍር ሆነ። እኔ ደረቅ ዳቦ በሻይ በላሁ። ባዶ ሆድ መጓዝ ያድናል የሚሉ አሉ፤ አያድንም፣ ባዶ ሆድም ይታወካል። ጥቂት፣ ደረቅ፣ ቅባት የሌለበት ነገር ነው የሚበጀው፤ ቆሎ ለዚህ ተወዳዳሪ የለውም። ውኃም በትንሽ በትንሹ።

ደብረ ማርቆስ ላይ ጎረምሳው ነቃ። ሁለተኛውን ክኒን ውጬ ሄድኩና «ልጄ፣ አባይ በረሃን ከፊት ሆኜ ልሻገር» አልኩት። ቃል ሳይመልስ ተነሣና «ይቀመጡ እናቴ» አለኝ። ስለ እሱ ያሰብኩትን ሁሉ እዚያው ተውኩት።

ከደጀን ጎሃ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ጆሮ ይደፈናል፤ ሙቀቱ ከታች እየመጣ ይቀበላችኋል። ዓይኔን ከአስፋልቱ አልነቀልኩም። ሩቅ ያለውን ኩርባ አያለሁ፤ ሾፌሩ መሪውን ሳያዞር እኔ አስቀድሜ ሰውነቴን አዘጋጃለሁ። ሾፌሮችን መኪና የማያስመልሳቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚመጣውን ያውቁታል፣ ዓይናቸውና ጆሯቸው አንድ ነገር ነው የሚናገረው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግረን ሽቅቡን ስንጀምር ከኋላ የረዳቱን ስም የሚጠራው በዛ። ጎሃ ጽዮን ስንወጣ የእኔ ፌስታል እንደታጠፈ ነበር። በዚህ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ለክኒኑና ለፊት ወንበሩ በአንድ ላይ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። ለየብቻ ቢሆኑ የትኛው እንደሚበልጥ ብትጠይቁኝ ግን ወንበሩን እመርጣለሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ ስንወርድ አምባሩንና ዝንጅብሉን ለመፈተን ክኒኑን አቆየሁት። ሁሉንም ባንድ ላይ ብይዝ ማን እንደሠራ በምን አውቃለሁ? አምባሩ የጨርቅ ነው፤ ከውስጡ የፕላስቲክ ጉብታ አለው። ከእጅ አንጓ ወደ ክርን ሦስት ጣት ያህል ርቆ በሁለቱ ጅማቶች መካከል እንዲጫን ተደርጎ ይታሰራል፤ ሐሳቡ ከቻይና ሕክምና የመጣ ነው። እስከ ሐዋሳ ሜዳው ስለረዳው ይሁን አምባሩ እንጃ፣ ደህና ሄድኩ። ዲላን ካለፍን በኋላ ግን መንገዱ ዳገትና ኩርባ ሆነ። ይርጋ ጨፌ ቡናዋ በዓለም የታወቀ ነው፤ እኔ ከይርጋ ጨፌ የማስታውሰው የጉልበቴን ጨርቅ ብቻ ነው። ሀገረ ማርያም ስንደርስ አምባሩን ፈታሁት። ተመራማሪዎችም በአምባሩ ላይ እንዳልተስማሙ ሰምቻለሁ፤ የጠቀመው ሰው ካለ አልከራከርም፣ ጉዳት የለውም። ከእኔ ግን ከጌጥነት ያለፈ ነጥብ አያገኝም።

ዝንጅብሉን ለይቼ ልፍረድለት። ጥሬውን ቆርጦ ማኘክም ሆነ በሻይ መጠጣት ቀላሉን ማቅለሽለሽ ያበርዳል፤ ከመኪና ወርጄ ሆዴ ገና ሲያንዣብብብኝ ጠቅሞኛል። ኩርባ ላይ ግን አቅም የለውም። ሎሚና ጤና አዳም ማሽተት መድኃኒት ባይሆንም የአውቶቡሱን ሽታ ያስረሳል፤ ሽታ ደግሞ ለእንደኔ ያለው ሰው ትልቅ ጠላት ነው። ጤና አዳሙን ከጓሮዬ ቀጥፌ ነው የሄድኩት። ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ግማሹን ወስደውብኛል።

ወደ ኬንያ ለምትሻገሩ አንድ ነገር እወቁ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ስለዚህ የለመድነው ጥቁር ፌስታል ሞያሌ ላይ ይቀራል። እኔ ይዤ የሄድኩት ክዳኑ የሚገጥም አፈ ሰፊ ዕቃና ጥቂት የወረቀት ከረጢቶች ነበር። ዕቃው ከፌስታል ይሻላል፤ አይቀደድም፣ ሽታ አያወጣም፣ ማረፊያ ላይ ታጥቦ ይመለሳል። አሁን ለአገር ውስጥም እሱን ነው የምይዘው።

የኬንያው አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ አማርኛ ይችላል። የወንበሮቹን ሥዕል አውጥቶ «እማማ፣ ይምረጡ» አለኝ። በደስታ ልመርቀው ምንም አልቀረኝ! ሲመርጡ ግን አስተውሉ። እዚያ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ መሪው በቀኝ፣ በሩ በግራ ነው። እኛ አገር በቀኝ የምንፈልገው ወንበር እዚያ በግራ ነው ያለው። የተጓዝነው ሌሊቱን ነው። በጨለማ ሩቅ የሚታይ ነገር ስለሌለ የፊት ወንበር ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ያኔ የሚያዋጣው ዓይንን ጨፍኖ፣ ጭንቅላትን ከመደገፊያው አጣብቆ መተኛት ነው፤ ክኒኑም ለዚህ ይተባበራል። መንገዱ እስከ ማርሳቢት ድረስ ባዶ በረሃ ሰንጥቆ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጥሩ አስፋልት ነው። እየቀሰቀሰ መታወቂያ የሚያየው የፖሊስ ኬላ ሌላውን ተሳፋሪ አስመርሮታል፤ እኔ ግን በወረድኩ ቁጥር አየር ስለማገኝ አልከፋኝም። ከኢሲዮሎ በኋላ ዳገቱና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታው ይበዛል፤ ያን ጊዜ ክኒኑ ሰዓቱን ጨርሶ ስለነበር ትንሽ አንገላታኝ። ወገግ ሲል ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን አቋረጥን። ናይሮቢ በእግሬ ቆሜ ነው የገባሁት፤ ልጄ «እማዬ ታመሽ ትመጫለሽ ብዬ አልጋ አንጥፌ ነበር» አለች። አልጋው ላይ የተኛችው ራሷ ናት፤ እኔ ገንፎ ለማገንፋት ወደ ማድ ቤት ሄድኩ።

ፕላስተሩን ለመመለሻ ነው ያቆየሁት። እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ ነው፤ እዚያ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚገኝ ስለሆነ እኔም ባሕር ዳር ለሐኪሜ አሳይቼ፣ የዓይኔ ግፊት ተለክቶ ነው የተፈቀደልኝ። ስኮፖላሚን የሚባል መድኃኒት አለበት። ጸጉር የሌለበት የጆሮ ጀርባ ላይ ቢያንስ ከ4 ሰዓት በፊት ይለጠፋል፤ እስከ 3 ቀን ይሠራል። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በዚያው እጅ ዓይናችሁን ብትነኩ ብሌኑ ይሰፋል። ከክኒኑ ጋር አይደረብም።

ኃይሉን ልክድ አልችልም። ከናይሮቢ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ይርጋ ጨፌ፣ ያ ያዋረደኝ ኩርባ ሁሉ፣ አንድም ጊዜ ምራቄ አልሞላም። ምራቅ የሚባል ነገርማ ጭራሽ አልነበረኝም! አፌ ደርቆ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ፤ ውኃ ብጠጣም አይመለስም። ሞያሌ ላይ ቅጽ ስሞላ ቅርብ ያለው ፊደል ደበዘዘብኝና አንዲት ተማሪ ሞላችልኝ። ዕድሜው ለገፋ ሰው ደግሞ ራስን እስከ መሳት የሚያደርስ ግራ መጋባት ሊያመጣ እንደሚችል ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል። ለቀናት ያለ ዕረፍት ለሚጓዝ ጎልማሳ አንደኛ ነው። እኔ ግን በክኒኔ እጸናለሁ።

ስለ ልጆች የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁና፦ ከሁለት ዓመት በታች ያሉት ብዙ ጊዜ አያቅለሸልሻቸውም፤ መድኃኒትም አይሰጣቸውም። የሚብስባቸው ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉት ናቸው። መጠኑ በዕድሜና በክብደት ስለሚለይ የእናንተን ክኒን ለሁለት ሰብራችሁ አትስጧቸው፤ ፋርማሲ ጠይቁ። ከፍ አድርጋችሁ መንገዱን እንዲያዩ አስቀምጧቸው፤ ስልኩንም ተቀበሏቸው። ያለቅሳሉ። ያልቅሱ።